ስለ ፊልትሮው የጻፍኩት ስህተት ነበር

ከአምስት ሳምንት በፊት እዚሁ ገጽ ላይ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። የቪትዜ ኮፈን ተከፍቶ፣ ውስጡ እንደ ሾጣጣ ባርኔጣ ያለ ቀይ ፊልትሮ ተገጥሞ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ጥርሴን ገልጬ። ከሥሩ የጻፍኩትን ታስታውሳላችሁ፦ «መኪናዋ ነፍስ ዘራች! ጉልበት ጨመረች፣ ቤንዚንም ቀነሰች። ለውጡ በደንብ ይሰማል!»

ላይኩ ጎረፈ። «ከየት ገዛኸው?» የሚል መልእክት ለሦስት ቀን አላስተኛኝም። እኔም የሻጩን የቴሌግራም አድራሻ ለሁሉም አከፋፈልኩ፤ አንድ ብር ኮሚሽን ሳልቀበል፣ በነጻ ደላላ ሆንኩለት። ከቀድሞ ተማሪዎቼ ሦስቱ «ቲቸር ካልክማ አለቀ» ብለው ገዙ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የኔ አፍ ያን ቀን አመለጠ። ዛሬ የምጽፈው እሱን ለማረም ነው። ጽሑፉ ይረዝማል፤ ግን ያን ፎቶ አይታችሁ ብር ለማውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

መጀመሪያ ነገሩን ለማታውቁት። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። አየሩ ከኮፈኑ ሥር ባለ ጥቁር ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ በወረቀት ፊልትሮ ተጣርቶ ነው ወደ ሞተር የሚገባው። አሁን ከተማችንን ያጥለቀለቀው ዕቃ ያንን ሳጥን አስወጥቶ በምትኩ አንድ የብረት ወይም የጎማ ቱቦና ጫፉ ላይ ክፍት ሆኖ የሚቀመጥ የጥጥ ፊልትሮ ይገጥማል። ሻጮቹ «ስፖርት ፊልትሮ»፣ «ሬሲንግ» ይሉታል። የሚሉት ነገር ደግሞ አጭርና ጣፋጭ ነው፦ ብዙ አየር ይገባል፣ ብዙ አየር ማለት ብዙ ጉልበት ነው፣ ቤንዚንም ይቆጥባል።

ይህ ወሬ ለምን እንደሚሸጥ ይገባኛል። በሐምሌ 2014 አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ ጉድ ብለን ነበር። በ2017 ዓ.ም. 100 ብርን አለፈ። መኪኖቻችን አሮጌ ናቸው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን እንደ ዓይናችን ብሌን ይዘን ለዓመታት መንዳት ግዴታችን ሆኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ከ10 እስከ 20 በመቶ ቤንዚን ይቆጥባል» የሚልህ ሰው የልብህን ነው የሚነግርህ። የተጨነቀ ሰው ደግሞ አይጠይቅም፤ ይገዛል።

እኔም ገዛሁ። 9,500 ብር። አስተማሪ ናችሁ ወይ? ከሆናችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ታዲያ ምን አነቃኝ? አንድ ስልክ።

ከገዙት ሦስቱ አንዱ በኮሮላው ሰው እያመላለሰ እናቱንና ሁለት እህቶቹን የሚያስተዳድር ልጅ ነው። ስሙን አልጠቅስም። አሥረኛ ክፍል ሳለ ፊዚክስ አስተምሬዋለሁ። ደውሎ እንዲህ አለኝ፦ «ባርሲሳ፣ ቼክ ኢንጂን በራብኝ። ቤንዚንም እንደ ውኃ ነው የምትጠጣው። ያንተ እንዴት ናት?»

ወደ አንድ ሜካኒክ ወዳጄ ይዤው ሄድኩ። ሜካኒኩ ቱቦውን ፈቶ፣ የአየር መለኪያ ሴንሰሯን አውጥቶ አሳየን። ከፀጉር የቀጠነችው ሽቦ ላይ ዘይትና አቧራ ተጋግሮባታል። የጥጡ ፊልትሮ አቧራ እንዲይዝ ዘይት ይቀባል፤ ልጁ ሻጩ እንደነገረው አጥቦ የሞተር ዘይት ቀብቶት ኖሯል፣ ያውም አትረፍርፎ። ሴንሰሯ የሚገባውን አየር የምትለካው በጋለ ሽቦ ነው፤ አየሩ ሽቦውን ሲያቀዘቅዘው የመኪናዋ ኮምፒዩተር ከዚያ ተነስቶ የቤንዚኑን መጠን ያሰላል። ሽቦው ቆሻሻ ሲለብስ ግን ልኬቱ ይዛባል፤ ኮምፒዩተሩም ባልሆነ ቁጥር ቤንዚን ይረጫል።

ሜካኒኩ በማጽጃ ስፕሬይ አጸዳት። «አሮጌውን የፊልትሮ ቤት አምጣና ልመልስልህ» ሲለው ልጁ አንገቱን ደፋ። ሳጥኑን ለቆራሌው ሸጦታል። «ቲቸር ከጻፈው በኋላ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው» አለ፤ እኔን ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱም እውነቱን ልንገራችሁ፦ እኔ ምንም ነገር ሳልለካ ነበር የጻፍኩት። በ12 ዓመት የማስተማር ሕይወቴ «ቁጥር የሌለው መልስ ዜሮ ነው» እያልኩ የስንቱን ልጅ የላቦራቶሪ ሪፖርት በቀይ እስክሪብቶ እንደሰረዝኩ እናንተ ታውቃላችሁ። የኔው ጽሑፍ ግን «ይሰማል» በሚል ቃል ነበር ያለቀው። ውኃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ፤ ስለዚህ ተነስቼ ለካሁ።

እንዴት እንደለካሁ ልዘርዝር፤ የተሳሳትኩበት ካለ እረሙኝ።

መኪናዋ ማንዋል ማርሽ ያላት 1.3 ሊትር ቪትዝ ናት። ሜካኒኩ ወዳጄ ስካነሩን አዋሰኝ፤ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ሙቀትና ፍጥነቷን በስልኬ ላይ ያሳየኛል። ከዚያ ሦስት ነገር አወዳደርኩ፦

አንደኛ፣ የድሮውን ሳጥን፣ ከነአሮጌው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ካልተቀየረው የወረቀት ፊልትሮ ጋር (ደግነቱ እኔ አልጣልኩትም)።
ሁለተኛ፣ ቀዩን የ9,500 ብር ዕቃ።
ሦስተኛ፣ የድሮውን ሳጥን፣ በ850 ብር ከገዛሁት አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ጋር።

ሦስተኛውን ልብ በሉልኝ። ዕቃውን የገጠምኩ ቀን ያወጣሁት ጥቁር የሆነ አሮጌ ፊልትሮ ነበር። ስለዚህ ያን ቀን የተሰማኝ ለውጥ ካለ እንኳ የቀዩ ዕቃ ይሁን ወይስ ዝም ብሎ የአዲስ ፊልትሮ፣ በምን አውቃለሁ? ሻጮቹ ይህን ንጽጽር አያደርጉትም። ገዢውም አያደርገውም። ሁላችንም አሮጌ ቆሻሻ አውጥተን አዲስ እንገጥምና «ለውጥ አለ» እንላለን።

ጉልበቱን የለካሁት በፈጣን መንገዱ ላይ ነው፣ በአዳማና በሞጆ መካከል፣ እሑድ ማለዳ መንገዱ ጭር ሲል። በሦስተኛ ማርሽ ከ60 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? አጠገቤ ባልደረባዬ ተቀምጦ ይመዘግባል፤ እኔ መንገዱን ብቻ ነው የማየው። ለእያንዳንዱ ስድስት ጊዜ፣ ሦስቱን በሄድኩበት ሦስቱን በመለስ፣ በዚያው ቦታ። በሁለቱም አቅጣጫ የሆነው በምክንያት ነው፤ አዳማ እኮ ናት! ሁለቱ የነፋስ ማመንጫዎቻችን 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት ነፋሱ ስለሚበረታ ነው። ነፋስ ከኋላ ሲገፋህ ማንኛውም ፊልትሮ ጀግና ይሆናል። መንገዱ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ሲሆንም እንዲሁ።

አማካዩ ይኸው፦
አሮጌው ቆሻሻ ወረቀት፣ 13.9 ሰከንድ።
ቀዩ ዕቃ፣ 13.2 ሰከንድ።
አዲሱ ወረቀት፣ 13.1 ሰከንድ።

በአንዱ ዕቃ ብቻ እንኳ ከሙከራ ሙከራ እስከ 0.4 ሰከንድ ልዩነት ነበረ። ስለዚህ በ13.2 እና በ13.1 መካከል ያለው ልዩነት ባዶ ነው። ቀዩ ያመጣው «ጉልበት» በሙሉ የ850 ብሩ ወረቀትም ያመጣው ነው። 8,650 ብሩ የድምፅ ዋጋ ነበር።

አዎ፣ የድምፅ! ይህን ልድገመው። ያ የምንወረውረው ጥቁር ሳጥን አየር ማጣሪያ ብቻ አይደለም። ፋብሪካው በሳጥኑና በቱቦው ላይ ባዶ ክፍሎች የሚያበጀው የሞተሩን የአየር መሳብ ጩኸት እንዲውጡለት ነው። ሳጥኑን ስታወጣው ድሮም የነበረው ጩኸት ይሰማል። ነዳጅ ስትረግጥ «ዉዉዉፍ» ሲል ጆሮህ «መኪናዋ በረታች» ይልሃል፤ እግርህም ሳታውቀው ጠለቅ አድርጎ ይረግጣል። እኔም የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ሰዓት ስይዝ ግን ሰዓቱ ጆሮ የለውም።

ቤንዚኑስ? ከአንድ ማደያ፣ ከአንድ መቅጃ፣ እስከ አፉ ሞልቼ፣ ወንጂና ሞጆ ተመላልሼ፣ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼ፣ እንደገና እስከ አፉ ሞላሁ። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ። አሮጌው ወረቀት በሊትር 13.8 ኪሎ ሜትር፣ ቀዩ 13.6፣ አዲሱ ወረቀት 13.9። በአንዱ ዕቃ ሁለት ሙሌት መካከል እንኳ እስከ 0.5 ልዩነት ስለነበረ ከዚህ ቁጥር «ቀዩ ያባክናል» ብዬ አልከራከርም። ይቆጥባል ግን አይባልም። ሻጩ እንዳለው 10 በመቶ ቢቆጥብ ኖሮ ከ15 በላይ ማየት ነበረብኝ።

ይህ የኔ ብቻ ግኝት አይደለም። በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት የመኪኖችን ፊልትሮ ሆን ብሎ እየደፈነ ፈትኗል፤ ከተፈተኑት መካከል ቶዮታ ካምሪም ነበረች። በኮምፒዩተር ቤንዚን የሚረጩት መኪኖች ፊልትሯቸው ተደፍኖም እንኳ የቤንዚን ፍጆታቸው እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላሳየም። የቀነሰው ፍጥነት የመጨመር አቅማቸው ነው። በካርቡሬተር የሚሠራው አሮጌ መኪና ላይ ግን የጥቂት በመቶ ልዩነት ታይቷል። አያችሁ፣ አባቶቻችን «ፊልትሮ ሲደፈን ቤንዚን ይበላል» ሲሉ አልዋሹም፤ እነሱ የሚያወሩት ስለ ላዳና ስለ አሮጌዋ ዲኤክስ ነው። ሻጩ የላዳን እውነት አንስቶ ለቪትዝ ይሸጥልሃል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ተማሪዎቼ፣ እስቲ ትንሽ ፊዚክስ።

በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ ሞተርህ የሚችለውን አየር ሁሉ አይፈልግም። ከፊልትሮው ቀጥሎ በእግርህ የምትከፍተውና የምትዘጋው በር አለ፤ ስሮትል ይባላል። በከተማ ስትነዳ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ገርበብ ያለ ነው። እንግዲህ የቤትህን ቧንቧ ሩብ ከፍተህ እየታጠብክ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ «ከመንገድ እስከ በርህ ያለውን መስመር በወፍራም ቱቦ ቀይርልኝ፣ ውኃ ትቆጥባለህ» ቢልህ ምን ትለዋለህ? ከፍራንኮ እስከ አባ ገዳ አዳራሽ በባጃጅ መሀል እየተሹለከለክ በ30 ስትነዳ ሰፊ ፊልትሮ ማለት ይኸው ነው።

«አዳማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ሰፊ ማስገቢያ ያስፈልጋል» የሚል ሻጭም ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር በላይ ስላለን የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ17 በመቶ አካባቢ ያንሳል። ግን ቱቦ ግፊት አይፈጥርም። የጎደለውን ሊሞላ የሚችለው አየር እየጨመቀ የሚያስገባ ተርቦ ብቻ ነው። የፈለገውን ያህል አፍህን ብትከፍት ጭላሎ ጫፍ ላይ የባሕር ዳርን አየር አትተነፍስም።

ይባስ ብሎ፣ ቀዩ ዕቃ አየሩን ያቀጥነዋል። የድሮው ሳጥን አየር የሚስበው ከፊት ለፊት፣ ከውጭ ነው። ቀዩ ግን ኮፈኑ ውስጥ ክፍት ሆኖ ተቀምጦ የራዲያተሩንና የሞተሩን ትኩሳት ይስባል። ውጭው 29 ዲግሪ በሆነበት ቀን የስካነሩ ንባብ ይህ ነበር፦ በድሮው ሳጥን ስነዳ 34፣ ሰልፍ ላይ ስቆም 41። በቀዩ ስነዳ 42፣ ስቆም 63! የቻርልስ ሕግ ያስተማርኳችሁ አሁን ይውጣ፦ 41 ዲግሪ 314 ኬልቪን ነው፣ 63 ዲግሪ ደግሞ 336። አካፍሉት። ቆመህ ስትነሳ፣ ጉልበት በምትፈልግባት ሰዓት፣ አየርህ ከ6 በመቶ በላይ ቀጥኗል። «ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ» ብለው የሚሸጡት ዕቃ በኔ መኪና ላይ ትኩስ አየር ማስገቢያ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስካሁን ያልኩት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ይኼኛው ግን ሞተር መግደል ነው። አቧራ።

አንድ ሊትር ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል በክብደት 14.7 እጥፍ አየር ይፈልጋል። በአዳማ አየር ሲሰላ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 11 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ማለትም 11,000 ሊትር አየር ይሆናል። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የምትነዳ መኪና የምትስበው አየር ከ70 በላይ የመማሪያ ክፍሎችን ይሞላል። ያ አየር ደግሞ የስምጥ ሸለቆ አየር ነው። የኛ አቧራ ተራ አፈር አይደለም፤ ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ፑሚስ አለበት፣ የተፈጨ ብርጭቆ በሉት። ብሎኬት ለመሥራት ከዚህ እየተጫነ የሚሄደውን ነጭ ድንጋይ በእጃችሁ ፈትጋችሁት ታውቃላችሁ? ድስት ይፈገፍጋል። ሲሊንደርም ይፈገፍጋል።

ለዚህ የሠራሁት ሙከራ ማንም በቤቱ የሚሠራው ነው። ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ፣ ከሴንሰሩ ራቅ አድርጌ፣ ስስ ቫዝሊን ቀባሁ። ፊልትሮው የሚያሳልፈው አቧራ ካለ እዚያ ይጣበቃል። 300 ኪሎ ሜትር ነድቼ ከፈትኩት።

በአዲሱ የወረቀት ፊልትሮ ቫዝሊኑ እንደተቀባ ነው፣ ትንሽ ቢጫ ብሎ። በቀዩ ግን የቡና አተላ መስሏል። በጣቴ ሳሸው ቅርችጭ ይላል። ጥፍሬ ላይ የቀረውን አይቼ ደነገጥኩ፤ ይህ እኮ ቫዝሊኑ ያስቀረው ነው፣ የቀረው ወደ ፒስተኑ ሄዷል። ለአምስት ሳምንት!

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጋራዥ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ፋሻው ይበላል፣ መኪናዋ ዘይት መጠጣት ትጀምራለች፣ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ ከዚያ «ሞተር ይውረድ»። ያኔ ማንም «ፊልትሮው ነው» አይልም። «ድሮም አሮጌ ነበረች» ይባላል። ሻጩን የሚጠቅመው ይኸው ነው፦ ጩኸቱ ዛሬ ይሰማል፣ ጉዳቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው።

ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞቼ፣ ይህ ለናንተም ነው። «ትተንፍስ» ብላችሁ ፊልትሮውን ጭራሽ አውጥታችሁ በገንደ ሀራ ኮረኮንች የምትነዱትን በዓይኔ አይቻለሁ። የምትተነፍሰው መስታወት ነው፣ እወቁት።

አሁን ከወዲሁ የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ አንድ በአንድ ልመልስ።

«እኔ ግን ለውጡ ተሰምቶኛል።» እኔም ተሰምቶኝ ነበር፤ ፎቶ ሁሉ ለጥፌበታለሁ። ብር ያወጣ ሰው ይሰማዋል። የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስንት ሰከንድ? ስንት ኪሎ ሜትር በሊትር? ከአዲስ የወረቀት ፊልትሮ ጋር አወዳድረሃል?

«ሻጩ የማሽን ወረቀት አሳይቶኛል፣ 8 ፈረስ ጉልበት ጨምሯል።» እንዲህ ያለው ልኬት የሚወሰደው ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር እየጮኸ፣ አብዛኛውን ጊዜም ኮፈን ተከፍቶ ከፊት ትልቅ ቬንትሌተር እየነፋ ነው። በየትኛው መኪና፣ በየትኛው ከተማ? አንተ ኮፈን ከፍተህ ቬንትሌተር እየገፋህ አትነዳም።

«ውጭ አገር ሁሉም ይጠቀማል።» ሁሉም አይጠቀምም። የሚጠቀሙትም ብዙዎቹ ተርቦ የተገጠመለት ወይም ለውድድር ሙሉ ሞተሩ የተሠራ መኪና ያላቸው ናቸው፤ እዚያ ላይ ጥቅም አለው፣ አልክድም። በደንብ የተሠራና በልኩ ዘይት የተቀባ ፊልትሮም ከኔው የተሻለ ይሆናል። ግን የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ፍጆታን በጉልህ የሚቀንስ አላገኘም። እነሱም አገር አጭበርባሪ አለ፤ እኛ ጋ ሲደርስ አማርኛ ይማራል እንጂ።

«ታዲያ ላንድክሩዘሮቹ ላይ ያለው ቱቦስ?» ጥሩ ጥያቄ። በጣሪያው ጎን ሽቅብ የሚወጣው ስኖርክል አየሩን የሚስበው ከጎማው አቧራና ከጎርፍ በላይ ካለ ከፍታ ነው፤ የፋብሪካውን ፊልትሮም አይነካም። ይኸው አየር ማስገቢያ ለአገራችን መንገድ ሲታሰብበት እንዲህ ይሆናል፤ ንጹህና ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ ነው። ቀዩ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው።

«አንተ ዲፕሎማ ይዘህ ስለ ሞተር ምን አገባህ?» ይህ ባለፈው አንድ የሻጩ ወዳጅ በውስጥ መስመር የላከልኝ ነው። ልክ ነው፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ቫዝሊን ለመቀባት ዲግሪ አያስፈልግም። ይልቅ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ከኔ የተሻለ መሣሪያ አላችሁ። የኔን ቁጥር አፍርሱት። ካፈረሳችሁት እዚሁ ገጽ ላይ፣ በዚሁ ርዝመት፣ በስማችሁ አወጣዋለሁ።

ሻጮችንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የመኪና የአየር ፊልትሮ የሚፈተንበት ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ፤ አይኤስኦ 5011 ይባላል። ስንት በመቶ አቧራ ይይዛል፣ ስንቱን ያሳልፋል የሚለው በቁጥር የሚታወቅበት ነው። ዕቃችሁ ይህ ፈተና ካለው ወረቀቱን አሳዩን። ከሌለው «ሬሲንግ» የሚለውን ተለጣፊ አንሱና «ድምፅ ማጉያ» ብላችሁ ሽጡት። ድምፅ የሚወድ ይገዛል፣ እኔም አልቃወምም። እየተቃወምኩ ያለሁት የቸገረውን ሰው በቤንዚን ስም ማታለሉን ነው።

ለናንተ ለገዛችሁት። አሮጌውን የፊልትሮ ቤት አትጣሉ፣ አትሽጡ። የጣላችሁት ካላችሁ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ይገኛል፤ አብረን እንፈልጋለን። ለዚያ ለኮሮላው ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ያገለገለ ሳጥን አግኝተን ገጠምንለት። ሂሳቡን እኔ ከፍያለሁ። ይህን የምጽፈው ለሙገሳ አይደለም፤ ዕዳዬ ስለሆነ ነው። የቀራችሁ ሁለታችሁ ደውሉልኝ፣ እናንተም ጋ ዕዳ አለብኝ።

ቤንዚን መቆጠብ የምትፈልጉ፦ የወረቀቱን ፊልትሮ በወቅቱ ቀይሩ፤ በኛ አቧራ መጽሐፉ ከሚለው ቀደም አድርጋችሁ። በኮምፕሬሰር ንፋስ አትምቱት፣ ወረቀቱ ይቀደድና ሳታውቁ አቧራ ያሳልፋል። ጎሚስታ ጋ ጎራ ብላችሁ የጎማ ነፋስ አስለኩ። ያረጀ ካንዴላ ቀይሩ። ከቀይ መብራት ወደ ቀይ መብራት አትሩጡ። የሚያኮራ ፎቶ አይወጣውም፤ ግን ይሠራል።

ቀዩን ፊልትሮ ምን አደረግከው ለምትሉኝ፣ አንድ ሰው 7,000 ብር ልስጥህ ብሎኝ ነበር። ብሩ ያስፈልገኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ለሱ ብሸጥለት ከቴሌግራሙ ሻጭ በምን ተለየሁ? መስከረም ላይ ወደ ክፍል ይዤው እገባለሁ፣ ከነቫዝሊኑ። የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ሥራ እሱ ይሆናል፤ ሪፖርቱ ላይ «ይሰማል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ዜሮ ያገኛል። ከአምስት ሳምንት በፊት የጻፍኩትን ደግሞ አላጠፋሁትም፣ ከሥሩ ይህን አያይዤበታለሁ። ስህተቱም እርማቱም አብረው ይታዩ።

ያን ፎቶ ሼር ያደረጋችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም ሼር አድርጉት። የምትቃወሙኝ ደግሞ እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ለክታችሁ ብቻ ኑ።